ጣውላ ስትመርጡ የዛፉን ስም ብቻ አትጠይቁ፤ እንዴት እንዳደገም ጠይቁ

ሁለት የፓይን ጣውላ አስቡ። ርዝመታቸው እኩል፣ ውፍረታቸው እኩል፣ ቀለማቸውም ያው። አንዱ የበር ፍሬም ሆኖ ዓመታት ሲቆም ንቅንቅ አይልም። ሌላው ገና በሳምንቱ ይቆለመማል፤ ምስማር ሲነካው ይሰነጠቃል። ሻጩን ብትጠይቁት “ያው አንድ እንጨት ነው” ይላችኋል። ሰውዬው አልዋሸም፤ ዝርያቸው አንድ ነው። አስተዳደጋቸው ግን ለየቅል ነው።

እንጨት ሊገዛ የተነሳ ሰው የሚሰማው ምክር ደግሞ እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ “የድሮ የጫካ ዛፍ ካልሆነ አትንካ” ይላል። ሌላው “የተከላ ደን ይሻላል፣ ቀጥ ያለ ነው” ይላል። ሦስተኛው “ቶሎ ያደገ እንጨት፣ እንጨት አይባልም” ብሎ ይደመድማል። ሁሉም ግማሽ እውነት ይዘዋል። የትኛው ግማሽ ለእናንተ ሥራ እንደሚሆን ግን አይነግሯችሁም። ስለዚህ መጀመሪያ መስፈርቱን እንያዝ፤ ከዚያ አምስቱን የእንጨት ምንጮች አንድ በአንድ እናያለን።

መስፈርት 1፦ ጥቅጥቅነትና የቀለበቱ ስፋት

የእንጨት ሕዋስ ግድግዳ በየትኛውም ዛፍ ላይ ክብደቱ ተቀራራቢ ነው፤ በሜትር ኩብ 1500 ኪሎ ገደማ። አንዱን እንጨት ከሌላው የሚለየው በግድግዳዎቹ መሃል ያለው ባዶ ቦታ ነው። ባልሳ የሚባለው በጣም ቀላል እንጨት 160 ኪሎ አካባቢ ብቻ የሚመዝነው አብዛኛው ክፍሉ አየር ስለሆነ ነው። ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ጭነት ይሸከማል፤ ብሎንም አጥብቆ ይይዛል። በዚያው ልክ ሲደርቅ ብዙ ይኮማተራል፤ ለመላግም ያስቸግራል። ስለዚህ “ከባድ ነው፣ ስለዚህ ጥሩ ነው” ብሎ ነገር የለም።

አሁን ወደዚያ ታዋቂ አባባል እንምጣ፤ ቀስ ብሎ ያደገ ዛፍ ይጠነክራል የሚለው። እውነት ነው ወይ? የምን ዛፍ እንደሆነ ይወስነዋል።

በጥድና በፓይን ወገን አዎ፣ በአብዛኛው እውነት ነው። አንድ የዓመት ቀለበት፣ ማለትም ዛፉ በአንድ ዓመት የሚጨምረው የእንጨት ድርብ፣ ሁለት ክፍል አለው። ዛፉ በዕድገት ወቅቱ መጀመሪያ የሚሠራው ፈዛዛና ስስ ክፍል አለ፤ ወቅቱ ወደ ማለቂያው ሲሄድ የሚሠራው ጠቆር ያለ ጠንካራ ክፍል አለ። ዛፉ ሲፈጥንና ቀለበቱ ሲሰፋ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨምረው ፈዛዛው ነው። በአሜሪካ ሳውዘርን ፓይን “ጥቅጥቅ” የሚለውን ደረጃ ለማግኘት በ25 ሚሊሜትር ውስጥ ቢያንስ 6 ቀለበት እንዲኖረውና ሲሶው ጠቆር ያለው ክፍል እንዲሆን የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ቀለበቱ ሰፋ ካለ ደግሞ 4 ቀለበትም ይበቃል፤ ግን ጠቆር ያለው ክፍል ግማሹን መያዝ አለበት። ከዚህ የምንረዳው፣ መቁጠሩ ብቻ ሳይሆን ጥቁሩ መስመር ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ማየቱም ዋጋ እንዳለው ነው። በብርድ አገር ተሰቃይቶ ያደገ፣ ቀለበቱ እንደ ክር የቀጠነ ዛፍም እንዲሁ ሊደክም ይችላል፤ ጥቁሩን ክፍል ለመሥራት ጊዜ አላገኘምና።

ኦክና አሽ በሚባሉት ሰፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እነዚህ በየቀለበቱ መጀመሪያ ትልልቅ ቀዳዳዎችን በረድፍ ይሠራሉ፤ የዚያ ረድፍ ስፋት ከዓመት ዓመት ብዙ አይለያይም። ቀለበቱ ሲሰፋ የሚጨምረው ጥቅጥቁ ክፍል ነው። በጣም ቀስ ብሎ ያደገ አሽ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፤ ስትመቱበት ይሰበራል። የመዶሻና የአካፋ እጀታ የሚሠሩ ሰዎች በመጠኑ ፈጥኖ ያደገ አሽ የሚፈልጉት ወደው አይደለም።

ቢች፣ ሜፕልና ባሕር ዛፍ ላይ ቀዳዳዎቹ በቀለበቱ ሁሉ ስለተበተኑ የቀለበት ስፋት ብቻውን ብዙ አይናገርም። እነዚህን ክብደታቸውን በእጅ መዝኖ ማወዳደር ይቀላል። ክረምትና በጋው በማይለይበት አካባቢ ያደገ ዛፍ ደግሞ ቀለበቱ ጭራሽ ላይታይ ይችላል።

መስፈርት 2፦ የልጅነት እንጨት

እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉም በላይ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ማንኛውም ዛፍ በሕይወቱ መጀመሪያ የሚሠራው እንጨት፣ ማለትም ከግንዱ መሃል ጀምሮ ከ5 እስከ 20 ያሉት ቀለበቶች፣ ከውጪው የተለየ ባሕርይ አለው። ቃጫው አጭር ነው፤ ግድግዳው ስስ ነው። በግድግዳው ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ክሮች ደግሞ ከግንዱ ቁመት ጋር ቀጥ ብለው ሳይሆን አዘንብለው ይጠመጠማሉ። በጎለመሰ እንጨት ዝንባሌው ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፤ በልጅነት እንጨት ከ30 ሊያልፍ ይችላል።

ይህ ምን አመጣ? እንጨት ሲደርቅ በስፋቱ ይኮማተራል እንጂ በርዝመቱ ያን ያህል አያጥርም፤ ከእርጥብ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ በርዝመቱ የሚቀንሰው ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ነው። የልጅነት እንጨት ግን 1 በመቶና ከዚያም በላይ ሊያጥር ይችላል። አንድ 4 ሜትር ጣውላ በአንድ ጠርዙ ጎልማሳ እንጨት፣ በሌላው ጠርዙ የልጅነት እንጨት ይዟል እንበል። ጎልማሳው ጠርዝ 8 ሚሊሜትር ሲቀንስ ሌላው 40 ሚሊሜትር ሊቀንስ ይሻል። ጣውላው ከመቆልመም ሌላ ምን ምርጫ አለው?

ቁጥሩ የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው። የልጅነት እንጨቱ ስፋት 20 ሴንቲሜትር የሆነ ዛፍ በ25 ሴንቲሜትር ውፍረቱ ቢቆረጥ፣ ከግንዱ 64 በመቶ የሚሆነው የልጅነት እንጨት ነው። ያው ዛፍ እስከ 40 ሴንቲሜትር ቢቆይ ድርሻው ወደ 25 በመቶ ይወርዳል። ዛፉ ፈጣንም ይሁን ዘገምተኛ፣ ዕድሜ ተሰጥቶታል ወይ የሚለው ጥያቄ ከፍጥነቱ ይበልጣል የምለው ለዚህ ነው።

መስፈርት 3፦ ጉጥ

ጉጥ የቅርንጫፍ ሥር ነው፤ ሁሉም ግን አንድ አይደለም። ቅርንጫፉ በሕይወት እያለ በግንዱ ከተዋጠ ጉጡ ከእንጨቱ ጋር ተዋሕዶ ይቀመጣል። ከደረቀ በኋላ ከተዋጠ ግን ዙሪያውን ጥቁር ቀለበት ይኖረዋል፤ ጣውላው ሲደርቅ ይላላል፣ አንዳንዴም ወድቆ ቀዳዳ ይተዋል። ከጥንካሬ አንጻር ደግሞ ጉዳቱ ጉጡ ራሱ ብቻ አይደለም፤ ቃጫው ጉጡን ለመዞር መታጠፉ ነው። የጉጥን መጠን ከሌላው ነገር ሁሉ በላይ የሚወስነው ዛፎቹ ምን ያህል ተቀራርበው እንደተተከሉ ነው። ተጠጋግተው ሲያድጉ የታችኛው ቅርንጫፍ ብርሃን አጥቶ ገና ቀጭን ሳለ ይሞታል። ተራርቀው ሲያድጉ ቅርንጫፉ እንደ ክንድ ይወፍራል።

መስፈርት 4፦ ያዘመመ ዛፍ

ነፋስ የገፋው ወይም በገደል ላይ የበቀለ ዛፍ ራሱን ለማቃናት የተለየ እንጨት ይሠራል። ጥድና ፓይን ከታች በኩል፣ በሚጫነው ጎን ይሠሩታል፤ ቀላ ያለ፣ ከባድ፣ ግን ተሰባሪ ነው። ሰፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ከላይ በኩል፣ በሚወጠረው ጎን ይሠሩታል፤ ሲሰነጠቅ ፊቱ ጸጉራም ሆኖ ይቀራል፣ መላጊያም አያለሰልሰውም። ሁለቱም በርዝመታቸው ያለቅጥ ያጥራሉ። ምልክቱ ቀላል ነው፦ የግንዱ መሃል ወደ አንድ ጎን ተገፍቶ ቀለበቶቹ በሌላው ጎን ከሰፉ ተጠንቀቁ።

መስፈርት 5፦ ልቡና ነጩ

ጠቆር ያለው የውስጥ ክፍል ልቡ ነው፤ ዳር ዳሩ ነጩ ነው። ብስባሽንና ነፍሳትን የሚከላከሉት ኬሚካሎች የሚከማቹት ልቡ ውስጥ ነው። የየትኛውም ዛፍ ነጭ ክፍል፣ ብስባሽን በመቋቋም የታወቀው የቲክ ዛፍም ቢሆን፣ ውጭ ቢተው ይበሰብሳል። “ቲክ ነው” ተብሎ የተሸጠ የአትክልት ቦታ ወንበር በሁለት ክረምት ሲጠቁርና ሲልም ያያችሁ ካላችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የዝርያው ሳይሆን ገና ልብ ሳያወጣ የተቆረጠ ልጅ ዛፍ መሆኑ ነው።

ምርጫ ሀ፦ ከተፈጥሮ ደን የወጣ ያረጀ ዛፍ

በትልልቆች ጥላ ሥር ብርሃን እየተሻማ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቀስ እያለ ያደገ ነው። የልጅነት እንጨቱ መሃል ላይ ትንሽ ነው፤ ቅርንጫፎቹ ገና ቀጭን ሳሉ ረግፈዋል፤ ልቡ ሰፊ ነው። በአምስቱ መስፈርቶች ሲመዘን ከሌሎቹ ይበልጣል ብል አላጋነንኩም።

ጉዳቱስ? አንደኛ፣ ሁሉም አንድ ወጥ አይደለም። ከአንድ ደን የወጡ ሁለት ግንዶች ሰማይና ምድር ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያረጀ ዛፍ ውስጡ ሊቦረቦርም ይችላል። ሁለተኛ፣ ከየት እንደመጣ ማጣራት የገዢው ግዴታ ነው፤ በሕገወጥ መንገድ የተቆረጠ ብዙ ነው። ሦስተኛ፣ ለብዙ ሥራ አያስፈልግም። ሊቀባና በቀለም ሊሸፈን ለተዘጋጀ መደርደሪያ የ150 ዓመት ዛፍ መግዛት ብክነት ነው።

በነገራችን ላይ፣ በጠባብ ቀለበት ዙሪያ ብዙ ፍቅር ያለበት ወሬ ይሰማል። ጣሊያናዊው የቫዮሊን ሠሪ ስትራዲቫሪ የሠራቸው ቫዮሊኖች ምስጢር እ.ኤ.አ. ከ1645 እስከ 1715 በነበረው ቀዝቃዛ ዘመን ቀስ ብሎ ያደገ እንጨት ነው የሚል መላምት አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2014 ይፋ በሆኑ ሙከራዎች ግን የሚጫወቱበትን ቫዮሊን እንዳያዩ የተደረጉ ባለሙያዎች የድሮዎቹን ከአዲሶቹ አላስበለጡም። ጠባብ ቀለበት ጥሩ ነገር ነው፤ ተአምር አይደለም።

ምርጫ ለ፦ የተገረዘ፣ የተሳሳ፣ ዕድሜ የተሰጠው የተከላ ደን

ብዙ ሰው “የተከላ” ሲባል አንድ ነገር ያስባል፤ ስህተት ነው። ለወረቀት የተተከለ ደንና ለጣውላ የተተከለ ደን የሚገናኙት በችግኙ ብቻ ነው።

ለጣውላ ሲታሰብ ችግኞቹ መጀመሪያ ጠጋ ጠጋ ተደርገው ይተከላሉ፤ እርስ በርስ ሲሻሙ ቀጥ ብለው ይወጣሉ፣ ቅርንጫፋቸውም ይቀጥናል። ከዚያ የተጣመሙትና የደከሙት እየተቆረጡ ደኑ ይሳሳል፤ ቦታው ለተመረጡት ይለቀቃል። የተመረጡት ደግሞ ገና ቀጭን ሳሉ ከታች ይገረዛሉ። ቅርንጫፉ ከተቆረጠ በኋላ ግንዱ የሚጨምረው እንጨት ሁሉ ጉጥ የሌለበት ንጹሕ ነው፤ ጉጡ ውስጥ፣ መሃል ላይ ተዘግቶ ይቀራል። በኒው ዚላንድ ራዲያታ ፓይን ለንጹሕ ጣውላ ሲታሰብ እስከ 6 ሜትር ከፍታ ድረስ ይገረዝና 28 ዓመት ገደማ ላይ ይቆረጣል። ፓይኑ ፈጣን ነው፤ ቀለበቱም ሰፊ ነው። ሆኖም ከዚያ የታችኛው ግንድ የሚወጣው ጣውላ ለበር፣ ለመስኮትና ለቤት ዕቃ ተፈላጊ ነው።

እዚህ ላይ አገራረዙ ራሱ ለውጥ ያመጣል። ከግንዱ ጋር ያለውን እብጠት ጨምሮ የቆረጠ ሰው ቁስሉን ያሰፋዋል፤ ብስባሽም ይገባበታል። ረጅም ጉማጅ የተወ ደግሞ የሞተ ጉጥ ያበጃል። ዘግይቶ የገረዘም ገንዘቡን አባክኗል፤ ወፍራም ከሆነ ዛፍ ላይ ጉጡ እስከ ዳር ድረስ ደርሷልና። ሲሳሳም እንደዚያው ነው፤ ጠቅጥቆ የኖረን ደን በአንድ ጊዜ ብዙ ቢያሳሱት ቀለበቱ ከጠባብ ወደ ሰፊ ይዘላል፣ ነፋስ ያስዘምመዋል፣ ኦክ ከሆነ ደግሞ ግንዱ ላይ አዳዲስ ቀንበጥ ያወጣል።

ይህ አያያዝ ምን ያህል ሊራቀቅ እንደሚችል ማየት የፈለገ የፈረንሳይን የትሮንሴ ደን ይመልከት። በ17ኛው መቶ ዘመን ለመርከብ ሥራ ተብሎ የተከለለው ይህ የኦክ ደን ዛሬ የሚታወቀው በወይን በርሜል እንጨቱ ነው። በርሜል ሠሪ ጠባብና ወጥ ቀለበት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ደኑ ጠቅጠቅ ብሎ ረጅም ዘመን እንዲቆይ ይደረጋል። ያው ኦክ ነው፤ ለወለል ጣውላ የሚያሳድገው ሰው ግን ሌላ መንገድ ቢከተል አያስወቅሰውም።

ምርጫ ሐ፦ ለፍጥነት የተተከለ፣ ቶሎ የተቆረጠ

ባሕር ዛፍ በብራዚል ለወረቀት ጥሬ ዕቃ ከ6 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ይቆረጣል። ለወረቀት ግሩም ነው። ከዚህ ዓይነት ደን የተረፈ ግንድ ወደ ጣውላ ሲመጣ ግን ችግሩ ይጀምራል።

አንዱ ችግር ውጥረት ነው። ፈጥኖ ያደገ ባሕር ዛፍ ውጪው ወደ ርዝመቱ የተወጠረ፣ ውስጡ የተጨመቀ ሆኖ ይቆማል። መጋዙ ሲያልፍ ያ ሚዛን ይፈርሳል። ግንዱ ገና መሬት እንደነካ ጫፉ ላይ ከመሃል ወደ ዳር የሚሄድ ስንጥቅ ሲከፈት በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ድምፁም ይሰማል። መሰንጠቂያ ላይ ሲወጣ ደግሞ ጣውላው ከመጋዙ ሳይላቀቅ ወደ ውጪ ይታጠፋል። ቀጭን ግንድ ላይ ይህ ይብሳል፤ ዛፉ እየወፈረ ሲሄድ ያንኑ ውጥረት በሰፊ ቦታ ላይ ስለሚያከፋፍለው ይቀላል።

ሌላው የልጅነት እንጨት ድርሻው ነው፤ ሒሳቡን ከላይ አይታችኋል። ይህ ደግሞ የንድፈ ሐሳብ ሥጋት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሳውዘርን ፓይን ጣውላ በአዲስ ፈተና ታይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 መሐንዲሶች የሚጠቀሙባቸው የጥንካሬ ቁጥሮች ዝቅ እንዲሉ ተደርጓል። ብዙዎች ጉዳዩን ከወጣትና ፈጣን ዛፍ መብዛት ጋር ያያይዙታል።

ታዲያ አይግዙት ማለቴ ነው? በጭራሽ። ይህ እንጨት ርካሽ ነው፤ በብዛት ይገኛል። ተላጦ ኮምፔንሳቶ ሲሆን፣ ተቆራርጦና ጉድለቱ ወጥቶ በሙጫ ሲያያዝ ችግሩ በአብዛኛው ይጠፋል። ሌላም ብዙ ሰው የማያነሳው ጥቅም አለው። የፓይን ነጭ ክፍል በግፊት የሚገባ ጸረ ብስባሽ መድኃኒትን በደንብ ይጠጣል፤ ልቡ ግን ብዙ ጊዜ እምቢ ይላል። ስለዚህ ለሚታከም የአጥር ቋሚ ነጩ የበዛ ወጣት ፓይን ከአረጀው ሊሻል ይችላል።

ምርጫ መ፦ ከጉቶ ያቆጠቆጠ

ዛፉ ይቆረጣል፤ ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ቀንበጡ በተዘጋጀ ሥር ላይ ስለሚያድግ ይሮጣል። ለቋሚ፣ ለማገርና ለማገዶ ጥሩ ነው። ለጣውላ ግን ግርጌው ከጉቶው ሲወጣ ስለሚጎብጥ ያዘመመ ዛፍ ችግር ይዞ ይመጣል፤ ከአሮጌው ጉቶ የሚተላለፍ ብስባሽም አለ። ለየት የሚሉት ገና በልጅነታቸው ልብ የሚያወጡ ዛፎች ናቸው፤ ቼስትነት የሚባለው ዛፍና ሮቢኒያ። እንግሊዝ ውስጥ ቼስትነት ከጉቶ አቆጥቁጦ ከ12 እስከ 16 ዓመቱ ተቆርጦ አጥር ይሆናል፤ መድኃኒትም አይቀባ።

ምርጫ ሠ፦ ለብቻው ያደገ ዛፍ

የመንገድ ዳር፣ የማሳ ዳርና የግቢ ዛፍ። ብርሃን ሞልቶታል፤ ስለዚህ ቅርንጫፉ ከታች ይጀምራል፣ ግንዱ አጭርና ወደ ላይ ቶሎ የሚቀጥን ነው። ለምሰሶ አይሆንም። ለጠረጴዛ ገጽና ለቅርጻ ቅርጽ ግን፣ በተለይ ቅርንጫፍ የሚለያይበት ቦታ ላይ፣ የሚያወጣው መልክ ከደን ዛፍ አይገኝም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ምስማርና ሽቦ የዋጠ ግንድ ብዙ ነው። ኦክን በመሰሉ እንጨቶች ላይ ብረት ያለበት ቦታ ሰማያዊ ጥቁር ስለሚሆን ቀድማችሁ ልታውቁት ትችላላችሁ።

ጠቅለል ያለ ሰንጠረዥ

| ምንጩ | ጥንካሬ | ጉጥ | የመጣመም ሥጋት | የልብ ድርሻ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ያረጀ የተፈጥሮ ደን | ከፍተኛ፣ ግን ወጥ ያልሆነ | ጥቂት | ዝቅተኛ | ሰፊ | በጣም ውድ |
| የተገረዘና ዕድሜ የተሰጠው ተከላ | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ዳሩ ላይ የለም | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | መካከለኛ | መካከለኛ እስከ ውድ |
| ቶሎ የተቆረጠ ተከላ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ብዙ | ከፍተኛ | ጠባብ | ርካሽ |
| ከጉቶ ያቆጠቆጠ | እንደ ዝርያው | ጥቂት፣ ትንንሽ | ግርጌው ላይ ከፍተኛ | እንደ ዝርያው | ርካሽ |
| ለብቻው ያደገ | አይገመትም | ብዙና ትልልቅ | ከፍተኛ | እንደ ዕድሜው | ይለያያል |

ለየትኛው ሥራ የትኛው?

ጣሪያና ወለል የሚሸከም እንጨት ከሆነ፣ መልክ ይቅርባችሁ፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ የግንዱ መሃል ያልገባበት፣ ጠርዙ ላይ ትልቅ ጉጥ የሌለበት ምረጡ። ምርጫ ለ ይበቃል። ገንዘብ ካጠረ ምርጫ ሐን በደረጃ የተለየ ከሆነ ብቻ ግዙ፤ ያልተለየውን ግን በጣሪያ ላይ አትሞክሩት።

በር፣ መስኮትና ቁም ሣጥን የሚያሠራ ሰው ከጥንካሬ ይልቅ አለመጣመምን ይፈልጋል። ከተገረዘ ዛፍ የውጪ ክፍል የወጣ ንጹሕ ጣውላ ልክ ነው። በጀቱ ካልደረሰ በሙጫ የተያያዘ ፓነልና ኮምፔንሳቶ አለ፤ ከርካሽ ድፍን ጣውላ ሁልጊዜ ይሻላሉ። በዚህ ላይ ብዙ አናጺዎች አይስማሙኝም፣ “ድፍን እንጨት የመሰለ የለም” ይላሉ። ድፍኑ የልጅነት እንጨት ካልሆነ እኔም እስማማለሁ።

ውጭ የሚቆም ነገር ላይ የምትከፍሉት ለልቡ ነው። ወይ ልቡ የሰፋ ያረጀ ዛፍ፣ ወይ በደንብ የታከመ ወጣት ፓይን። ከሁለቱም ያልሆነው፣ ያልታከመና ነጭ የበዛበት፣ ገንዘብ መጣል ነው።

እጀታ ከሆነ አሽን ወይም የሱን መሰል እንጨት ሰፋ ባለ ቀለበትና ቀጥ ባለ ቃጫ ፈልጉ። ለኮንክሪት ፎርምወርክ፣ ለማሸጊያ ሳጥንና ለጊዜያዊ ሥራ ምርጫ ሐ ያለምንም ይሉኝታ ይገዛል።

የደን ምስክር ወረቀትን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ኤፍኤስሲ እና እሱን የመሰሉ ማኅተሞች የሚናገሩት ደኑ በኃላፊነት ስለመያዙ ነው። ጣውላው ቀጥ ያለ ስለመሆኑ ምንም አይሉም። ማኅተሙን ፈልጉት፤ የጥራት ደረጃውን ግን ለብቻው ጠይቁ።

እዚያው ቆማችሁ እንዴት ትለያላችሁ?

ስለ ደኑ የሚነግራችሁ ሰው ላይኖር ይችላል። ጣውላው ራሱ ይነግራችኋል። ጫፉን አዙሩና እዩ። የቀለበቶቹ መስመር ጠበቅ ያለ ቅስት ከሠራ፣ ማለትም ትንሽ ክብ የሚመስል ከሆነ፣ ከግንዱ መሃል አጠገብ የወጣ ነው። መሃሉ ራሱ እንደ ነጥብ ከታየ ለበርና ለመስኮት አትውሰዱት። መስመሮቹ ሰፋ ያለ ቅስት ወይም ቀጥታ ከሆኑ ከውጪው ክፍል ነው፤ ቀጥ ብለው የቆሙት ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ይንቀሳቀሳሉ፤ እንጨት በቀለበቶቹ አቅጣጫ የሚኮማተረው ከመሃል ወደ ዳር ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነውና።

ከዚያ አንዱን ጫፍ ወደ ዓይናችሁ አስጠግታችሁ፣ አንድ ዓይን ጨፍናችሁ፣ በጠርዙ ላይ አሻግራችሁ ተመልከቱ። ገና እርጥብ ሆኖ የተቆለመመ ከሆነ ሲደርቅ አይድንም። ፊቱን በእጃችሁ ዳስሱት፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጸጉራም ከሆነ የተወጠረ እንጨት ነው። ጉጡን በአውራ ጣት ተጫኑት። ተመሳሳይ መጠን ካላቸው ጣውላዎች ሁለቱን በሁለት እጅ አንሱ፤ ክብደታቸው የሚለያይበት ምክንያት ወይ ጥቅጥቅነት ነው ወይ ውሃ። ውሃ እንዳይሆን የእርጥበት መለኪያ ካለ ይለካ፤ ለቤት ውስጥ ዕቃ ከ8 እስከ 12 በመቶ ይፈለጋል፤ 20 በመቶ ካለ ገና አልደረቀም።

ሊተክሉ ለተነሱ ደግሞ፦ ጣውላ ከፈለጋችሁ ጠጋ አድርጋችሁ ትከሉ፣ በጊዜ ግረዙ፣ ቀስ በቀስ አሳሱ። ከዚያ ደኑ “አሁን ይሸጥ” ተብሎ ሲወሰን፣ ገንዘቡ ካላስቸገረ፣ ትንሽ ዓመት ጨምሩለት። በዚያን ጊዜ የሚጨመረው ቀለበት ጎልማሳና ጉጥ የሌለበት ነው፤ ዙሪያውም ሰፊ ስለሆነ አንድ ሴንቲሜትር ውፍረት ብዙ ጣውላ ያወጣል።